እናቴ ብር ይዛ ወደ አሰላ ልትሄድ ነው፣ ከኪስ አውላቂ እንዴት ላድናት?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ | ማክሰኞ ምሽት 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አሰላ ትሄዳለች። እሁድ የአክስቴ የ40 ቀን ተዝካር ነው። እዚህ ያለው ዘመድ ያዋጣውን ብር ይዛ የምትሄደው እሷ ናት። 32 ሺህ ብር ነው። እንላከው ብያት ነበር። "የእህቴን ተዝካር ብር በስልክ አልልክም፣ በእጄ ነው የማስረክበው" አለችኝ። ገብቶኛል፣ አልከራከራትም። ግን ከቃሊቲ ተሳፍራ አዳማ ትወርዳለች፣ ከአዳማ ደግሞ ሌላ መኪና ትይዛለች። ሁለት ቦታ ግፊያ አለ ማለት ነው። ዕድሜዋ 63 ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ መኪና ላይ ስትወጣ በሁለት እጇ ይዛ ነው።

እንዲህ የፈራሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሥራ ስመለስ ዝናብ መጣና የታክሲ ሰልፉ ፈረሰ። ታክሲው ገና ሳይቆም ሁሉም ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ። በሩ ላይ አንድ ልጅ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ጫማዬ ወለቀ" ይላል። ከኋላ ይገፋሉ። በግራዬ ያለው ሰውዬ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አጣጥፎ ይዟል። ዝናብ እየዘነበ ለምን አይለብሰውም ብዬ አስቤ ነበር፣ አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል፣ ግን ሐሳቡ መጣና ሄደ። ከዛ በሩን የያዘው ልጅ "ይቅር፣ ሌላ እይዛለሁ" ብሎ ወረደ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሂሳብ ልከፍል ስል የቦርሳዬ ዚፕ እንደተዘጋ ነው። ከሥሩ ግን በምላጭ ተቀዷል። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው፣ ቀጥ ያለ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል። 4,600 ብር፣ መታወቂያዬና ስልኬ የሉም። ሲቀደድ ምንም አልተሰማኝም።

እናቴ ላይ ይሄ እንዲደርስ አልፈልግም። ብሩን የት ትያዘው? እንዴት ትያዘው?

---

የድሮ ረዳት | ማክሰኞ ምሽት 2፡05

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይተካልሽ።

9 ዓመት ረዳት ነበርኩ። መጀመሪያ ሳሪስ ቃሊቲ፣ በኋላ ቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ። የነገርሽንን ነገር በር ይዤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም ያልኩበት ጊዜም አለ፣ እዛው ፌርማታ ላይ ስለምናመሽ እንፈራቸው ነበር። ያ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ሥራውን ትቻለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን በሙሉ ልንገራችሁ።

ብቻውን የሚሠራ ትንሽ ነው። አንዱ በር ይዘጋል። አንዱ ከኋላ ይገፋል። አንዱ ያወጣል። ጃኬት፣ ክላሰር ወይ ጋዜጣ የሚይዘው ይሄኛው ነው፣ እጁን ለመሸፈን። ሌላው ራቅ ብሎ ቆሞ ይቀበላል። ስለዚህ የጠረጠርሽውን ብትይዢውም ምንም አታገኚበትም፣ ስልክሽ ያን ጊዜ አስፋልት ተሻግሯል።

ደግሞ ገንዘቡ የት እንዳለ የሚያሳያቸው ባለቤቱ ራሱ ነው። ይሄንን ለእናትሽ አስረጂያቸው። ሰው ብር ሲይዝ እጁ አያርፍም። በየአምስት ደቂቃው ይዳብሳል፣ አለ ወይ ብሎ። ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ "ሌባ አለ፣ ኪሳችሁን ጠብቁ" ሲል ደግሞ ሁሉም እጁን ወደ ብሩ ይልካል። አንዳንዴ እንዲህ ብሎ የሚጮኸው ከእነሱ አንዱ ነው። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው የማን እጅ የት እንደሄደ ያያል።

ሌላው ሂሳብ ሲከፈል ነው። ሰው 20 ብር ለመክፈል ባለ 200 እስር መዥረጥ አድርጎ ያወጣል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው አየ ማለት ነው። የመኪና ሂሳብ ከቤት ሲወጣ ተዘርዝሮ ለብቻው ይቀመጥ፣ ትልቁ ብር እስኪደረስ ድረስ አይነካ። ይሄ አንድ ነገር ብቻ ግማሹን ችግር ያስቀራል።

---

ጀሞ 2 | ማክሰኞ ምሽት 2፡30

የምራቅ ነገር አትርሱ። ወንድሜ ላይ የደረሰው እሱ ነው። አንዱ ትከሻው ላይ ተፋበትና "ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁህም" ብሎ በሶፍት መጥረግ ጀመረ። ሌላው "ኧረ ነውር ነው" እያለ በዚህ በኩል ይጠርግለታል። ሁለቱም ሲሄዱ ዋሌቱ የለም። ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ማንም "እማማ ነጠላዎ ቆሽሿል" ቢላቸው ቆመው እንዳያዩ። የቆሸሸ ነጠላ አሰላ ደርሶ ይታጠባል።

---

ኮተቤ ልብስ ሰፊ | ማክሰኞ ምሽት 3፡10

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐጅ የሚሄዱ እናቶች፣ ቁልቢ የሚሄዱ፣ ግሸን የሚሄዱ ይመጡና የውስጥ ኪስ ያሰፉኛል። አሠራሩን ልንገርሽ፣ ሰፈራችሁ ያለ ማንም ልብስ ሰፊ በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል።

ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን። ሐር ነገር አይሁን፣ ያንሸራትታል። ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 15። የሚሰፋው ከቀሚሱ ላይ ሳይሆን ከሥር በሚለበሰው ጉርድ ላይ ነው፣ ከወገቡ ማሰሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በፊት በኩል ከሆድ በታች። ጎን ላይ አይሁን፣ ግፊያ ላይ ጎን ይነካል። ዚፕ ይደረግበት፣ ከዚፑ በላይ ደግሞ በቁልፍ የሚያያዝ ክዳን። ዙሪያው ሁለቴ ይሰፋ።

ብሩን አትጠቅልሉት። 32 ሺህ በባለ 200 ቢሆን 160 ቅጠል ነው። አንድ ላይ ከታሰረ ያብጣል፣ ከቀሚሱ ውጪ ይታያል። 80 እና 80 ተደርጎ ሁለት ኪስ ውስጥ ጎን ለጎን ዘርጋ ብሎ ቢቀመጥ ማንም አያውቀውም። ብሩ ከመግባቱ በፊት ቀጭን ፌስታል ይልበስ፣ መንገድ ላይ ላብ አለ።

---

እናት ከለገጣፎ | ረቡዕ ጠዋት 12፡50

የእኔ ልጅ፣ ኪስ ማሰፋቱ ጥሩ ነው፣ ግን መቀነት ምን ሆነና? እኔ ሰንዳፋ ገበያ ለገበያ ስመላለስ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በግ ሸጬ፣ ቅቤ ሸጬ የማመጣው በመቀነት ነው። አንድ ቀን ተወስዶብኝ አያውቅም።

ብሩን መሐረብ ላይ አድርጊና አጣጥፊው። መቀነቱን አንድ ዙር አዙሪ። መሐረቡን ከዙሩ በላይ፣ ሆድ ላይ አድርጊና በላዩ ላይ ሁለትና ሦስት ዙር ጥምጥም አድርጊበት። ከዛ ቀሚሱን ትንሽ ሳብ አድርገሽ በላዩ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ሌባ ምላጭ ቢይዝም አራት ድርብ ድርና ማግ ቆርጦ ሆድ ሳይነካ አይገባም።

የነጠላ ጫፍ ላይ ግን እንዳይቋጥሩ። የእኔ ጎረቤት እንደዛ ቋጥራ ከኋላዋ የቆመው ቋጠሮውን ቆርጦ ሄደ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ልታስቀምጥ ስትል ነው ያወቀችው። ነጠላ ላይ የመኪና ሂሳብና የቡና መጠጫ ብቻ።

---

ኮተቤ ልብስ ሰፊ | ረቡዕ ጠዋት 2፡15

እትዬ፣ መቀነቱን አልቃወምም። አንድ ችግር ብቻ አለው። ረጅም መንገድ ላይ ሽንት ቤት ሲገባ መቀነት ይፈታል። አንድ ደንበኛዬ አንድ ከተማ መናኸሪያ ሽንት ቤት ውስጥ ስትፈታው መሐረቡ ወደ ጉድጓዱ ሊገባባት ነበር፣ በእግሯ ነው ያቆመችው። የተሰፋ ኪስ አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል።

---

እናት ከለገጣፎ | ረቡዕ ጠዋት 2፡40

እሱስ እውነትህን ነው። ገበያ ቅርብ ስለሆነ እሱን አላሰብኩትም። ለሩቅ መንገድ ኪሱ ይሻላል።

---

ካውንተር 4 | ረቡዕ ቀን 7፡30

ባንክ ነው የምሠራው፣ አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ። እህቴ፣ እናትሽ ያሉት በእጄ ላስረክብ ነው እንጂ ብሩን መንገድ ለመንገድ ልሸከም አይደለም። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው። ብሩን በራሳቸው ስም ባለ ደብተር ውስጥ ያስገቡት። አሰላ ሲደርሱ የዛው ባንክ ቅርንጫፍ ሄደው ደብተራቸውንና መታወቂያቸውን አሳይተው ያውጡት። ከዛ ቆመው በእጃቸው ያስረክቡ። የሚላክለት ሰው የለም፣ በስልክ የሚሄድ ነገር የለም። ብሩ የእሳቸው እንደሆነ ነው።

ቀኑን ግን አስቡበት። እሁድ ባንክ ዝግ ነው። ቅዳሜ ቢነሱ ደግሞ እስኪደርሱ ሊዘጋባቸው ይችላል። ዓርብ ቢነሱ ግን ቅዳሜ ጠዋት ተረጋግተው ያወጣሉ።

ሲያወጡ ካውንተሩ ላይ ይቁጠሩ፣ ከኋላ ሰው ቢበዛም አይቸኩሉ። ከበሩ ከመውጣታቸው በፊት ብሩ ኪስ ውስጥ ይግባ። ከባንክ ወጥቶ ደረጃ ላይ ቦርሳ የሚያስተካክል ሰው በየቀኑ አያለሁ፣ ልቤ ነው የሚፈራው። ወጥተው ከዘመድ ጋር ይሂዱ፣ ብቻቸውን ባይሆኑ ጥሩ ነው።

ለሌሎቻችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ቴሌብር ወይ የባንክ መተግበሪያ ካለ ከብር ቦርሳ በላይ እሱን ጠብቁት። ቴሌብር ከመጣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ስልክ የሚሰርቅ ሰው ስልኩን ብቻ አይደለም የሚፈልገው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር 6 አሃዝ ነው፣ የልደት ቀናችሁን አታድርጉት። ስልኩ ከቨር ውስጥ ወረቀት ላይ የጻፉ ደንበኞች አጋጥመውኛል። ሲም ካርዱ ላይም የሚስጥር ቁጥር ይደረግበት፣ አለበለዚያ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ከቶ የሚመጣውን ኮድ ሁሉ ይቀበላል። ስልክ ሲጠፋ መጀመሪያ 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ ቀጥሎ ወደ ባንካችሁ። የንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ዛሬውኑ ደግሞ *#06# ብላችሁ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉትና ቤት አስቀምጡት፣ ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

---

የቱሉ ዲምቱ ልጅ | ረቡዕ ምሽት 12፡45

ካውንተር 4፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለእናቴ እንዳልከው ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "እሱ ደህና ነው" አለች። ሙሉውን ግን አልተቀበለችም። ለመንገድና ለበጉ ቀብድ 4 ሺህ ብር መያዝ አለብኝ ብላለች። እኔ ያን ቀን ለ994 የደወልኩት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፣ ድንጋጤ ላይ ሆኜ። እስከዛ ድረስ ቴሌብሬ ላይ የነበረውን 1,900 ብር አውጥተውታል። የሚስጥር ቁጥሬ የልደት ቀኔ ነበር፣ መታወቂያዬ ደግሞ እዛው ቦርሳ ውስጥ ነው። ሰው ካነበበው ይጠቅመዋል ብዬ ነው የጻፍኩት።

---

ሰበታ ተመላላሽ | ረቡዕ ምሽት 1፡30

አንድ ነገር ልጨምር። ስትሰረቁ "ሌባ! ሌባ!" ብላችሁ ሰው ላይ አትጠቁሙ። ከሁለት ዓመት በፊት አየር ጤና አካባቢ አንዲት ሴት ስልኳ ጠፋና አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። እጇን ወደ እኔ ቀሰረች። ቃል ሳይወጣኝ ሰው ተሰበሰበብኝ። ጥርሴ ተሰብሯል፣ ግራ ጆሮዬ አሁንም በደንብ አይሰማም። ስልኩ በኋላ ከወንበር ሥር ተገኘ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። የተሰረቀ ሰው ሲደነግጥ ይገባኛል። ግን ሰው መሞት የለበትም።

---

የድሮ ረዳት | ረቡዕ ምሽት 2፡00

ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ለጆሮህ ምሕረቱን ያምጣልህ።

መኪና ውስጥ ከሆናችሁና ገና ማንም ካልወረደ እንዲህ አድርጉ። ማንንም ሳትጠቁሙ ለረዳቱ ጮክ ብላችሁ "ስልኬ ጠፍቷል፣ በሩን አትክፈት፣ ፖሊስ ጋ ቁሙልኝ" በሉ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ሲባል ዕቃው ወለል ላይ ይወድቃል። "ይኸው፣ ወድቆ ነው" የሚል ሰው ይመጣል። ተቀበሉት፣ አመስግኑ፣ አትከራከሩ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው።

ከቃሊቲ ስለሚሳፈሩት ነገር ደግሞ፣ በፈጣን መንገዱ የሚሄደውን ይያዙ። ክፍያ ጣቢያው እናንተ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ ታውቂዋለሽ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ መሀል ላይ ሰው አይጭንም፣ አያወርድም። አብሮ የተሳፈረው ሰው እስከ አዳማ ያው ነው። በድሮው መንገድ የሚሄደው ግን ዱከም ላይ፣ ቢሾፍቱ ላይ፣ ሞጆ ላይ ይቆማል፣ በየቦታው ወራጅና ተሳፋሪ ይጋፋል። ያኔ ነው ሰው የሚያንቀላፋውም።

---

ዕቃ ጫኝ | ሐሙስ ጠዋት 1፡15

መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣ ሻንጣ ውስጥ ብር፣ ወርቅ፣ ደብተር አይግባ። እኛ ጥሩ አድርገን ብናስርም መንገድ ላይ ዕቃ ሲወርድ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ደብተራቸውና መታወቂያቸው ሰውነታቸው ላይ ይሁን። የእጅ ቦርሳቸውን እግራቸው መሀል አስቀምጠው ማንገቻውን አንድ ዙር እግራቸው ላይ ይጠምጥሙት። መስኮት ዳር ከተቀመጡ መኪናው እስኪነሳ መስታወቱ ይዘጋ። የጆሮ ወርቅ ካላቸው ቤት ይተዉት፣ ከውጪ እጅ ገብቶ ሲመነጭቅ አይቻለሁ፣ ጆሮ ይቀደዳል።

አንድ ነገር ደግሞ እናቶችን በጣም የሚያጠቃ። መሬት ላይ ወርቅ የሚመስል ነገር ይወድቃል። አንዱ ያነሳና "እማማ አዩ? አብረን ነው ያገኘነው፣ እንካፈል" ይላል። ሦስተኛ ሰው መጥቶ "ይሄ እኮ ትልቅ ወርቅ ነው" ይላል። መጨረሻ ላይ ወርቁን እርስዎ ይውሰዱት፣ ለእኛ የያዙትን ብር ይስጡን ይሏቸዋል። ወርቁ መዳብ ነው። ወር አይሞላም፣ አንዲት እናት እዚሁ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ውሃ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ለልጃቸው ሕክምና የያዙት ብር ነበር።

---

ጀሞ 2 | ሐሙስ ጠዋት 1፡50

መንገድ ላይ ከማያውቁት ሰው የሚበላና የሚጠጣ ነገርም አይቀበሉ። በሀገራችን እንቢ ማለት ከባድ ነው፣ በተለይ ለትልቅ ሰው። "ጾም ላይ ነኝ" ይበሉ፣ ማንም አይቀየምም።

---

የቱሉ ዲምቱ ልጅ | ሰኞ ምሽት 1፡10

ይቅርታ ቆየሁ። እናቴ ትናንት ማታ በሰላም ተመልሳለች። ተዝካሩም ደህና አለፈ።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። 28 ሺውን ሐሙስ ከሰዓት ደብተሯ ላይ አስገባን። ጉርዷ ላይ ኪሱን አሰፋን፣ ልብስ ሰፊዋ ይሄንን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ እያነበበች ነው የለካችው። 3 ሺህ ብርና ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ገባ። 700 መቀነቷ ላይ። 300 ብር ተዘርዝሮ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ለመኪና። ጉዞው ወደ ዓርብ ዞረ።

ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይዣት ቃሊቲ ወረድኩ። ከቤት ስንወጣ እጇን አየሁት፣ ሁለት ጊዜ ወደ ሆዷ ሄደ። ምንም አላልኳትም። ሦስተኛው ላይ ራሷ አወቀችውና ተመልሳ ገባች። ስትወጣ ትልቁን ጥቁር ጥላ ይዛለች፣ ዝናብ የለም። "እጄ ሥራ ከያዘ ወደዛ አይሄድም" አለችኝ። በሁለት እጇ ጥላውን ጥብቅ አድርጋ፣ እንደ መቋሚያ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ሰዉ ሲጋፋ ወደ ጎን አወጣኋት፣ ግፊያው እስኪያልፍ ጠበቅን፣ መጨረሻ ላይ ገባች። ወንበር አላጣችም።

አዳማ ላይ አንድ ልጅ "ማዘር፣ ጀርባዎ ላይ የሆነ ነገር አለ" ብሏታል። ልጁ እውነቱን ይሁን አይሁን አናውቅም። "ይኑር ልጄ" ብላው ወደ አሰላው መኪና ሄደች። ስትነግረኝ ነጠላዋን ዘርግተን አየነው፣ ምንም የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአጎቴ ጋር ባንክ ሄዳ አወጣችው። እሁድ ከጸሎቱ በኋላ በእጇ አስረከበች።

---

አስኮ ነኝ | ሰኞ ምሽት 2፡25

እንኳን በሰላም ተመለሱ። እኔ ከታች ሆኜ ሳነብ ነበር። አባቴ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ነቀምት ይሄዳል፣ ለቤት ማሠሪያ ብር ይዞ። የወንድ ሱሪ ላይ ኪሱ የት ይሰፋል? ልብስ ሰፊው ካለህ ንገረኝ።

---

ኮተቤ ልብስ ሰፊ | ሰኞ ምሽት 2፡50

አለሁ። ለወንድ ሱሪው ላይ አታድርገው፣ ከሥር ቁምጣ ይልበሱ። ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከቀበቶው አራት ጣት ዝቅ ብሎ። ዚፑ በአግድም፣ አከፋፈቱ ወደ እምብርት። ግን መጀመሪያ ካውንተር 4 ያለውን አንብብላቸው፣ ደብተር ካላቸው ብሩን መሸከም የለባቸውም።